ሰው ይዘሽ ነዪ

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነፍሰ ጡር መመዝገብ፣ አራስ መጠየቅና ሕፃን ማስከተብ ነው። በወረቀት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እባላለሁ፤ ሰፈሩ ግን "ሆድ ቆጣሪዋ" ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ይከፋኝ ነበር። አሁን ከኋላዬ ሲጠሩኝ ሰምቼ "አቤት" የምልበት ቀን አለ።

የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፣ ከዓለም ከተማ ወረድ ብሎ ካለ ቆላ ቀመስ አገር። መንዝ የመጣሁት በምደባ ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ስል አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ሁለት ልጆች ወለድኩ፣ ብርዱን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ግንቦት ላይ ሁለት ሹራብ ደርቤ ስወጣ ጎረቤቶቼ "ቆለኛዋ ተጀቡና ወጣች" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ዳገቱን ስወጣ የሚንቋቋው የእኔ ጉልበት እንጂ የእነሱ አይደለም።

ከተማችን ከተማ የተባለችው ማዘጋጃ ቤት ስላላት ይመስለኛል። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ጤና ጣቢያ አላት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭቃ ነው። ከገበያው በታች ያለው ሰፈር የእኔ ድርሻ ነው። መሬት ያልደረሳቸው፣ ትዳራቸው የፈረሰባቸው፣ ለቀን ሥራ ከየገጠሩ የመጡ ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ሰባት እየሆኑ ክፍል ተከራይተው ይኖሩበታል። ክፍሎቹ ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። በክረምት ግድግዳቸው ውሃ ያወጣል፤ በበጋ ደግሞ ውርጩ በበሩ ሥር ይገባል። መጸዳጃውም ቧንቧውም የጋራ ነው። ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፣ አሸዋ ያመላልሳሉ፣ ጠላ ቤት ይቀጠራሉ። ምሽት ላይ ሲመለሱ ነው የማገኛቸው፤ ያኔ ደግሞ እኔም እነሱም ስለ ክትባት የመነጋገር አቅም የለንም።

በዚህ ሰፈር እርግዝና አይነገርም። ዓይን ይፈራል፣ አፍም ይፈራል። በር ላይ ቆሜ "እዚህ ቤት ነፍሰ ጡር አለ?" ስል መልሱ የታወቀ ነው፤ የለም። አንዴ እንዲህ ያለችኝ ሴት በስምንተኛው ቀን ወልዳ ገንፎ አብልታኛለች። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ለወጉ ያህል ብቻ አነሣለሁ፤ የማየው መቀነት ነው። መቀነቷ ከወገቧ ወደ ደረቷ ከፍ ያለች ሴት ሳይ "እርጉዝ ነሽ ወይ?" አልላትም፣ "ስንት ወርሽ ነው?" እላታለሁ። ደንግጣ ወሩን ትነግረኛለች። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

ለወላዶቹ ደግሞ መቀነትም አያስፈልገኝም፤ እልልታ አለ። ድሮ ቤት ሲወለድ እንደነበረው ሁሉ ዛሬም እናት ጤና ጣቢያ ወልዳ በማግስቱ ስትመለስ ጎረቤት ደጅ ጠብቆ እልል ይላል፤ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ጤና ጣቢያው የወለዱትን ስም ዝርዝር በየቀኑ ሊያደርሰኝ ይገባል። ዝርዝሩ አንዳንዴ በሳምንቱ፣ አንዳንዴም ሕፃኑ ክርስትና ከተነሣ በኋላ ይደርሰኛል። እልልታ ግን አይዘገይም። በያለሁበት ቆሜ እቆጥራለሁ፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ እለያለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ቤቱ እገኛለሁ።

አለቃችን ወጣት ነው፤ በትምህርት ይበልጠኛል፣ በዕድሜ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል። አንድ ግምገማ ላይ የመዝገቤን ንጽሕና አድንቆ የመረጃው ምንጭ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እልልታ ነው አልኩት። ስብሰባው በሙሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። እውነቱን ልናገርና በዚያ ሳቅ ኮርቼ ነበር። በጆሮዬ መሥራት መቻሌ የሙያ ጥግ መስሎኝ ነበር።

ልጅቷን ያየኋት ጥቅምት ላይ ነው። አንድ ግንብ የሚሠራበት ቦታ አሸዋ ታመላልስ ነበር። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ፊቷ በብርድ የተሰነጣጠቀ። መቀነቷ ከፍ ብሏል። ስንት ወርሽ ነው ስላት እንደ ሌሎቹ ደንግጣ ስድስት አለችኝ፤ ከዚያ ሠራተኞቹ ሰምተው እንደሆነ ዞር ዞር ብላ አየች። ከግሼ በኩል የመጣች ናት። ከገበያው ሥር ካሉት ግቢዎች በአንዱ፣ ፊት ለፊት ጠላ ከሚሸጡ አንዲት ባልቴት ጓሮ ትኖራለች። ያስረገዛት ሰው ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ስልኩ አይሠራም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አሸዋውን ሳታወርድ ነው።

ጤና ጣቢያ እንድትመጣ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ለመንኳት። ኅዳር ላይ መጣች። አዋላጇ ሆዷን ዳሰሰች፣ ደሟ ተመረመረ፣ ካርድ ወጣላት። ለጥር መግቢያ ትደርሳለሽ ተባለች። ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ። ቅጹ ብዙ ነገር ይጠይቃል፤ ከዚህ በፊት ወልደሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ራስሽን ያምሻል ወይ፣ እግርሽ ያብጣል ወይ፣ ውሃ ከየት ትቀጃለሽ። ማን አለሽ የሚል ጥያቄ ግን የለበትም።

በመጨረሻ ለሁሉም የምለውን አልኳት። ከመውለጃሽ ሁለት ሳምንት በፊት እዚህ ግቢ ውስጥ ባለው የእናቶች ማቆያ ገብተሽ ትቆያለሽ፣ ስትመጪ ሰው ይዘሽ ነዪ። ማቆያው ጣራና ፍራሽ አለው፤ የሚያበስል ሠራተኛ ግን የለውም። ገንፎውን የሚያገነፋው፣ ልብሱን የሚያጥበው፣ ሌሊት አዋላጅ የሚጠራው አብሮ የመጣ ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ እንላለን፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ለእያንዳንዷ ሴት። እኔ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም፤ ሰላምታ ሆኖብኛል።

ልጅቷ ካርዷን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አደረገችና "ሰው ግድ ነው?" አለችኝ።

ከኋላዋ አግዳሚው ሞልቷል። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም። "አዎ፣ ግድ ነው" አልኳትና ቀጣይዋን ጠራሁ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ማቆያው ውስጥ ስፈልጋት አልነበረችም። ቤቷ ሄድኩ፤ በሯ በቁልፍ ተዘግቷል። ባልቴቷን ስጠይቃቸው የቀን ሥራ ላይ ትሆናለች፣ ወይም አገሯ ገብታ ይሆናል፣ እኔ ምኑን አውቄ አሉኝ። እኔም አገሯ ገብታለች አልኩ። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይህ በመርሐቤቴም በመንዝም በግሼም ያው ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን ለመውለድ በስምንት ወሬ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥዬ እናቴ ዘንድ ወርጃለሁ። በመዝገቤ ላይ ከስሟ አንጻር "ወደ ቤተሰብ የሄደች" ብዬ ጻፍኩ። ሲጻፍ ደስ ይላል፤ ሥራ ይቀንሳል።

ከዚያ ጥምቀት መጣ። ከከተራው ጀምሮ ከተማው ባዶ ሆነ፤ ሰው ሁሉ ጥምቀተ ባሕሩ ወርዷል። ከየአጥቢያው ታቦት ሲነሣ እልልታ፣ መንገድ ላይ እልልታ፣ ከድንኳኑ ሲገባ እልልታ። በጆሮው ለሚሠራ ሰው ከዚህ የባሰ ጊዜ የለም። ማን ወለደ፣ ማን አልወለደ ምኑ ይለያል። ለነገሩ እኔም አልተከፋሁም፤ ሦስት ቀን ሙሉ መቁጠር አቆምኩ። ነጭ ለብሼ፣ ልጆቼን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንደ ሰው እልል ስል ሰነበትኩ። ዓመቱን ሙሉ ያረፍኩት ያኔ ብቻ ነው።

ጥር አሥራ ሦስት ቀን ጠዋት ባልቴቷን ቧንቧ ላይ አገኘኋቸው። ከገጠር የመጡት እንግዶቻቸው ያን ዕለት ጠዋት ሄደውላቸው ጋን ሊያጥቡ ነው። እንግዳው እንዴት እንዳደከማቸው፣ ሌሊት የሕፃን ልቅሶ እንዴት እንቅልፍ እንደነሣቸው ሲያጫውቱኝ ቆዩና የጓሮዋ ልጅ እንኳ ለበዓሉ አገሯ በመግባቷ ትንሽ ቦታ አገኘን አሉኝ። ጄሪካኗን ብቻ ደጅ ጥላ በመሄዷ እንግዶቹ ውሃ ቀዱበት አሉ።

የእኔ ሐሳብ ጄሪካኑ ላይ ቆመ። እንደዚያ ዓይነት ሴት ያላት ጄሪካንና የምትለብሰው የበግ ፀጉር ባና ብቻ ነው። አገሯ የምትገባ ሰው ጄሪካኗን ደጅ ጥላ አትሄድም። ባልቴቷን እንግዶቹ ስንት ሕፃን ይዘው እንደመጡ ጠየቅኳቸው። አንድ፣ እሱም የሁለት ዓመት ልጅ ነው አሉኝ። ታዲያ ሌሊት የሚያለቅሰው እሱ ነው ወይ ስላቸው ጋኑን መሬት አስቀመጡት።

ተያይዘን ጓሮ ገባን። የልጅቷን በር ስገፋው ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ተጣራሁ። ቆይቶ አንድ ነገር መሬት ላይ ሲሳብ ተሰማ፣ መቀርቀሪያው ወጣ። ልጅቷ በእንብርክኳ ነበረች። ከፍታልን ተመልሳ የሣር ፍራሿ ላይ ወደቀች። ክፍሉ የደምና የላብ ሽታ ነበረው። እጇን ስይዛት እሳት ናት። በባናው ሥር፣ ደረቷ ላይ፣ በነጠላ የተጠቀለለች ሕፃን አለች። ሴት ናት። እግሯ ቀዝቅዟል፣ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። እትብቷ ከነጠላው ጠርዝ በተመዘዘ ክር ሁለት ቦታ ታስሯል፤ አጠገቧ ገና ከወረቀቱ የወጣ አንድ ምላጭና የቀዘቀዘ ውሃ ያለበት ድስት ነበር። ምላጩን ቀቅላዋለች። ንጽሕና የምለውን ሁሉ ሰምታለች ማለት ነው።

ባልቴቷ በሩ ላይ ቆመው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አራስ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ብቻዋን በማትተውበት አገር፣ በገዛ ግቢያቸው፣ ሁለት ቀን ሙሉ። እኔ ግን ያኔ የመጣብኝ ኀዘን አልነበረም፣ ቁጣ ነው። ደክሞኝ ሳለ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

"ለምን ጤና ጣቢያ አልመጣሽም?" አልኳት።

"መጥቼ ነበር" አለች። ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው። "በከተራው ዕለት ቁርጠቱ ሲጀምረኝ መጥቼ ነበር፣ እስከ በሩ። አጥሩ ሥር ተቀምጬ አየሁ። ሁሉም ከሰው ጋር ነው የሚገቡት። ሰው ይዘሽ ነዪ ብለውኝ አልነበር? ሰው አጣሁና ተመለስኩ።"

"እናትሽስ?"

"የሉም። ልጅ ሆኜ ነው የሞቱት።"

 ከአፌ የወጣውን ቃል እንደ ሕግ ተቀብላ፣ ሆዷን ይዛ ዳገቱን ወጥታ፣ በሩን አይታ፣ ሕጉን አላሟላሁም ብላ ተመልሳ ወርዳለች። እኛ "ሰው" ስንል የሚያበስል ሰው ማለታችን ነበር። እሷ የሰማችው ሰው የሌለው አይገባም የሚል ነው። ደግሞም ጠይቃኝ ነበር። ግድ ነው ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር።

ሕፃኗን ሹራቤን ገልጬ ከቆዳዬ ጋር አደረግኋት። ያ የሚሳቅበት ሁለተኛ ሹራብ ጠቀመ። ባልቴቷ ሮጠው ባጃጅ አመጡ። በመንገድ ላይ መቼ እንደወለደች ጠየቅኳት። በጥምቀት ዕለት ነው አለችኝ፤ ታቦቱ ሲመለስ፣ ሕዝቡ በገበያው በኩል ሲያልፍ። እልልታው ሲበረታ ሕፃኗ ወጣች። ትጮህ ነበር፤ ግን በዚያ ሁሉ እልልታ መሀል ማን ይሰማታል። እኔ በዚያ ሰዓት በገበያው በኩል ከሚያልፉት መሀል ነበርኩ። ምናልባት ከግቢያቸው የራቅሁት ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ጤና ጣቢያ እንደደረስን አዋላጇ አንዴ ነክታት ይህ ማሕፀን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው፣ ሆስፒታል መሄድ አለባት አለች። መርፌ ወጋቻት፣ ግሉኮስ ሰካችላት፣ አምቡላንስ ተጠራ። ሹፌሩ የኋላውን በር ከፍቶ አስታማሚዋ ማን ናት ብሎ ጠየቀ። ያለ አስታማሚ አይጫንም፤ እሱም እንደ እኔ በየቀኑ የሚለው ቃል አለው። አዋላጇ ወደ እኔ አየች። ባልቴቷ ቤታቸውን ክፍት ጥለው መጥተዋል። ለልጆቼ ምሳ አልሠራሁም፤ የወሩ ሪፖርት በማግስቱ ይፈለጋል፤ ጉልበቴ ከጠዋት ጀምሮ ይጠዘጥዘኛል።

"እኔ ነኝ" አልኩ። በደስታ አላልኩትም። ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ ለዚያ ሰው እሰጠው ነበር።

ሆስፒታል አምስት ቀን ቆየን። ሕፃኗን ለብቻ ወስደው አሙቀው በሁለተኛው ቀን መለሱልን። እናቷ ጡቷ ቢሞላም ልትይዛት አልቻለችም። ወተቱን በኩባያ እያለብኩ በትንሽ ማንኪያ ለሕፃኗ እሰጣለሁ፣ የእናቷን አንሶላ እለውጣለሁ፣ ወረፋ ይዤ መድኃኒት አመጣለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አስታማሚ ይዘሽ ነዪ ስል የኖርኩት የዚህን ሥራ ክብደት ሳላውቀው ነው። ባሌ ደውሎ የትንሹ ልጅ ካልሲ የት እንዳለ ይጠይቀኛል። አለቃዬ ደውሎ ሪፖርቱን ይጠይቀኛል። ሁለቱንም አላውቅም አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቷ ጨርሶ አልወርድ አለ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረና እስከ ነገ እንይ አለኝ። እስከ ነገ እንይ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ያውቃል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አላወቀችኝም። ዓይኗ ተከፍቶ ጣራውን እያየች "እማ" አለች።  ደግማ "እማ" አለች። እናቷ በሕይወት የለችም፣ እኔ ደግሞ እናቷ አይደለሁም፣ ሆኖም አንድ ሰው መመለስ ነበረበት።

"አቤት" አልኳት። ተኛች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ለእሷ ብቻ ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ ግማሹ ድካሜ ነው፣ ግማሹ ኀፍረቴ።

በማግስቱ ላብ አጠመቃት። ትኩሳቱ ወረደ። ዓይኗን ገልጣ ሕፃኗ የት አለች ብላ ጠየቀች፤ ሰጠኋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ጉልበት አጠባቻት። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ወደ ሰፈር ስንመለስ ባልቴቷ ደጅ ቆመው ጠበቁን። ክፍሏን ደልድለው፣ ግድግዳዋን በጋዜጣ ለጥፈው፣ የገብስ ገንፎ አገንፍተው ነበር። ሁለት ሦስት ጎረቤቶችም መጡ። እርስ በርስ ተያዩ፤ ማንም እልል አላለም። ሰባት ቀን ላለፈው ልደት እንዴት እልል ይባላል። ባልቴቷ አንገታቸውን ደፍተው እልልታው ለክርስትናዋ ይደርሳል አሉኝ፤ እኔን ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል። እኔንስ ማን ተጠያቂ ያደርገኛል። መዝገቤን አውጥቼ "ወደ ቤተሰብ የሄደች" የሚለውን ሰረዝኩት። በምትኩ ምን እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ቦታውን ባዶ ተውኩት።

በሚቀጥለው ግምገማ ነገሩን አነሣሁ። ማቆያው የሚያበስል ሰው ያስፈልገዋል፣ እስከዚያው ግን ሰው ይዘሽ ነዪ ማለት እናቁም አልኩ። አለቃችን በጥሞና ሰማኝ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ጉዳዩ ይታያል ተባለ። አሁንም እየታየ ነው። እኔ በበኩሌ ቃሉን ቀይሬዋለሁ፤ ሰው ካለሽ ይዘሽ ነዪ፣ ከሌለሽም ነዪ እላለሁ። ሁለተኛውን ግማሽ ስል አንዳንዶቹ ቀና ብለው ያዩኛል። ምን ያህሉ ሰው እንደሌላቸው ያወቅሁት ከዚህ አስተያየታቸው ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ስንቷን ከበር እንደመለስኩ ግን አላውቅም። ከሌለሽም ነዪ ያልኳቸው ደግሞ ሲመጡ የሚጠሩት እኔኑ ነው። ገንፎ ማገንፋት ሥራዬ ላይ ተጨመረ።

መጋቢት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቴ ተቀምጬ እግሬን ሳፋ ውስጥ ጨው ባለበት ሙቅ ውሃ ነክሬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ክትባት ነበረን። ነገ እሑድ ነው፣ እስከ ረፋድ እተኛለሁ ብዬ ለባሌም ለልጆቼም አስታውቄያለሁ። በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት፣ ሕፃኗን አዝላ። አርባ ቀን ሳይሞላት ልብስ ማጠብ እንደጀመረች አውቃለሁ፤ እጆቿ ነጥተዋል። ፊቷ ግን ሞላ ብሏል። ግቢ አልኳት፤ ከበሩ ደፍ አላለፈችም።

"ነገ ሰማንያ ቀኗ ነው" አለችኝ። "ለክርስትናዋ ቄሱ ሰው ይዘሽ ነዪ ብለውኛል። እርስዎን ልይዝ መጣሁ።"

ከድካሜ ብዛት መጀመሪያ የታየኝ የነገው እንቅልፌ ነው። የክርስትና እናት መሆን የአንድ ቀን ነገር አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ነው። ሌላ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሌላ ሰፈር ሙሉ ሴቶች አሉኝ።

"ሌላ ሰው የለሽም?" አልኳት።

ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። መመለስ አይቻልም። እሷ አልተቀየመችም። ገባችና ሕፃኗን ከጀርባዋ ፈትታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች።

"ቀዝቅዟል" አለች። "ውሃ ላሙቅልዎ?"

ሕፃኗ የሹራቤን ጠርዝ ይዛ ትስብ ነበር።

"ተዪው" አልኳት። "ነገ በስንት ሰዓት ነው?"